ዶቅዶቄዋ ስንት ታወጣለች?

የሽንኩርትን ዋጋ ጠይቁኝ፣ እነግራችኋለሁ። የሲሚንቶን ዋጋ ጠይቁኝ፣ ጠዋት የነበረውንና ከሰዓት በኋላ የሆነውን ለይቼ እነግራችኋለሁ። የጤፍን ግን አትጠይቁኝ፤ ደም ግፊት አለብኝ። እኔ ነቀምቴ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለኝ፣ ሆዴ ከእኔ ቀድሞ በር የሚገባ፣ ሃምሳ ዓመት ደጄ ላይ ቆሞ የሚያንኳኳብኝ ሰው ነኝ። በዚህ ሁሉ ዘመኔ ዋጋው ተምታቶብኝ ያበድኩበት ዕቃ ቢኖር አንድ ብቻ ነው፤ አባቴ ትቶልን የሄደው ዶቅዶቄ።

የዛሬ ልጆች «ሞተር» ነው የሚሉት። አባዬ ግን እስኪሞት ድረስ «ዶቅዶቄዬ» እንዳላት ነው። ደግሞም ልክ ነበር። የዛሬዎቹ እንደ ትንኝ ጢዝ ብለው ነው የሚያልፉት፤ የአባዬዋ ግን ዶቅ... ዶቅ... ዶቅዶቅ... እያለች፣ መሀል ላይ እንደ ጎምቱ ሽማግሌ ጉሮሮዋን እየጠረገች ነው የምትሄደው። ከመድረሷ በፊት ድምጿ ይደርሳል፤ ከሄደች በኋላም ጭሷ እንደ እንግዳ ተቀምጦ ይቆያል።

አባዬ ከጎጃም መጥቶ መጀመሪያ አንገር ጉቲን፣ ኋላም ዲጋ የከብት ክትባት ሠራተኛ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የመርፌ ሳጥኑን ከኋላው አስሮ በዚህችው ዶቅዶቄ ገጠሩን ሲያካልል ኖረ። ጡረታ ሲወጣ መሥሪያ ቤቱ አሮጌ ዕቃ በጨረታ ያወጣና አባዬ ይጫረታል። ሌላ ተጫራች አልመጣም። እሱ ግን እንዳትወሰድበት ፈርቶ ብቻውን ሁለት ጊዜ ዋጋ ጨመረ እየተባለ ይታማል። እኔ አላምንም። ለሦስተኛ ጊዜ ሳይጨምር ተወው ቢባል ነው የማላምነው።

እንግዲህ አባዬ ዐረፈ። አርባው ከወጣ በኋላ እማዬ እኔንና ታናሽ እህቴን አስናቀችን ጠርታ አስቀመጠችን። አስናቀች አኖ ነው የምትኖረው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፤ የክትባት ሳጥኗን በትከሻዋ አንጠልጥላ ከጎጥ ጎጥ በእግሯ ስትኳትን ነው የምትውለው።

«ቤቱ በሕይወት እስካለሁ የእኔ ነው፤ ዓይናችሁን አንሱ» አለች እማዬ።

ዓይናችንን አነሳን። ያነሳነው ዓይን ሄዶ ግቢው ጥግ በላስቲክ ተሸፍና የቆመችው ዶቅዶቄ ላይ ዐረፈ። ውርሱ እሷው ብቻ ነበረች።

«ለሁለት አትቆረጥ ነገር!» አልኩ ለመቀለድ።

«ትቆረጣለች እንጂ! እንደ ሸንኮራው ነዋ!» አለች እማዬ።

የሸንኮራውን ነገር ልንገራችሁ። ልጆች ሳለን አባዬ ከአንገር ቆላ ሲመለስ ሸንኮራ ያመጣልን ነበር፤ አንድ አገዳ ለሁለት። ጠብ እንዳይነሳ ከአገሩ ይዞት የመጣ ደንብ ነበረው፦ ታላቅ ይቆርጣል፣ ታናሽ ይመርጣል። ቢላዋው የእኔ፣ ምርጫው የእሷ። እኔ በክር ለክቼ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ እንደ ቀዶ ጥገና ሐኪም ልክ ከመሀሉ እቆርጣለሁ። አስናቀች ለአፍታም ሳታመነታ የሥሩን ወገን አንስታ ትሄዳለች። የሸንኮራ ማር ያለው ከሥሩ መሆኑን እኔ የደረስኩበት ካገባሁ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ጫፍ ጫፉን እያኘክሁ፣ ሸንኮራ የሚባለው ነገር ውኃ ውኃ የሚል፣ ሰው ዝም ብሎ ያገነነው አገዳ ይመስለኝ ነበር።

አሁንም ደንቡ ያው ሆነ። እኔ ታላቁ የዶቅዶቄዋን ዋጋ እጠራለሁ፤ አስናቀች ትመርጣለች። ዶቅዶቄዋን ከመረጠች የዋጋውን ግማሽ ለእኔ ትሰጣለች። ገንዘቡን ከመረጠች ዶቅዶቄዋ የእኔ ትሆንና ግማሹን ለእሷ እሰጣለሁ። ቀጠሮ ለመስቀል ማግስት ተያዘ።

እኔ ደግሞ ዶቅዶቄዋን ፈለግኋት። ለምን ብትሉ፣ ለመንዳት አይደለም፤ መንዳት አልችልም። በሃያ ዓመቴ አንዴ ሞክሬ የጎረቤት አጥር ውስጥ ስገባ፣ ከእኔ ላይ የተነቀለው እሾህ ሌላ አጥር ያሳጥር ነበር። (አስናቀች በዚያው ሰሞን አስነስታት ኳስ ሜዳውን ዞራ መመለሷን ያኔ ልብ አላልኩትም፤ እሾሁን ስነቅል ነበር።) የፈለግኋት በሌላ ምክንያት ነው። ሕፃን ሳለሁ አባዬ ከፊቱ ነዳጅ ጋኑ ላይ ያስቀምጠኝና መሪውን ያስይዘኛል። እጆቼ በእጆቹ ውስጥ ሆነው፣ እኔ የምነዳ እየመሰለኝ። ሰው ሁሉ የአባቴ ፎቶ ኮፒ እንደሆንኩ ይነግረኛል፤ ነኝም፣ ቀለሙ ሲያልቅ የተነሳ ኮፒ። ዋናው ከሄደ ዘንድ ቢያንስ የዋናውን ዕቃ ልያዝ አልኩ።

የፈራሁት የአስናቀችን ባል ገመቹን ነው። ገመቹ እህል ነጋዴ ነው። ነጋዴ ደግሞ ያየውን ሁሉ በኩንታል ነው የሚያስበው። አስናቀች ብትወስዳት እሱ በሳምንቱ እንደሚሸጣት፣ ወይም ከኋላዋ ጋሪ ቀጥሎ በቆሎ እንደሚያስጎትታት በዓይነ ሕሊናዬ አየሁ። ማንም አልነገረኝም። ዓይነ ሕሊናዬ ምስክር አይፈልግም።

ታዲያ ዋጋውን ስንት ልበል? ዝቅ ባደርግ አስናቀች በርካሽ ትወስዳታለች። ከፍ ባደርግ ግማሹን ከፋይ እኔ ነኝ። የሚያስፈልገኝ ለአስናቀች የሚከብድ፣ ለእኔ የሚቀል አንድ ቁጥር ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር መንግሥታት ሲፈልጉ ኖረው አላገኙትም። እኔ ግን ነቀምቴ ውስጥ አገኘዋለሁ ብዬ ተነሳሁ።

መጀመሪያ እየገፋሁ ወደ ጋራዡ ባለቤት ወደ ቶሌራ ወሰድኳት። ቶሌራ ቀልደኛ መካኒክ ነው፤ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ዞራት።

«አካም ቡልተን ኦቦ! እንዴት አደርክ ጌታው? ታመመች?»

«ደኅና ናት። ስንት እንደምታወጣ ንገረኝ ብዬ ነው።»

«የቷ?»

«ይቺ!»

«ማለቴ የቷ የቷ? ጋኑ ከሌላ ሞተር የመጣ ነው። መቀመጫው ዲጋ ውስጥ ከበሬ ቆዳ የተሰፋ ነው። መስተዋቱ የአይሱዙ ነው። ፊት ጎማዋና ኋላ ጎማዋ ተዋውቀው አያውቁም።» ጎንበስ ብሎ ከሥሯ አየና በሳቅ ተነሳ። «ኦቦ፣ አባትህ ሞተር አይደለም የተወልህ፤ ኮሚቴ ነው።»

«ኮሚቴም ቢሆን ስንት ያወጣል?»

«ኮሚቴ ገንዘብ ያወጣል እንጂ መቼ ገንዘብ ያመጣል?»

ከዚያ ወደ አንድ ደላላ ሄድኩ፤ ቤት፣ መኪና፣ ከብት፣ ሲቸግርም ሙሽራ የሚያገናኝ ሰው ነው። ዶቅዶቄዋን አላያትም። እኔን ነው ያየኝ።

«ሻጭ ነህ ገዢ?»

«አላወቅሁም» አልኩት።

ስልኩን አስቀመጠ። ለዘመናት በዚህ ሥራ ላይ ሲኖር እንዲህ የመለሰለት ሰው የለም መሰለኝ። የሸንኮራውን ደንብ አስረዳሁት። ግንባሩን አሸ።

«ወንድሜ፣ አሮጌ ሞተር ስትገዛው ብረት ነው፤ ስትሸጠው ታሪክ ነው። አንተ መጀመሪያ ምን እንደሆንክ እወቅና ና።»

ይህን ለማወቅ ሃምሳ ዓመት አልበቃኝም፤ በመስቀል ማግስት ይደርሳል ብዬ ተስፋ ማድረጌ እብሪት ነበር። ያም ሆኖ ዲጋ ላይ አሮጌ ሞተር የሚሰበስብ ሰው አለ ሲሉኝ ሰማሁ። ለመግዛት ከልቡ የሚጠራው ዋጋ እውነተኛው ዋጋ ነው ብዬ ወሰንኩ። ቶሌራ አስነስቶ አስቀመጠኝ፤ እንደ ሕፃን ከኋላ እየገፋም ለቀቀኝ።

መንዳት አልችልም አላልክም ወይ? ትሉኝ ይሆናል። በሐሳቤ ግን ሠላሳ ዓመት ነድቻታለሁ። ከነቀምቴ የወጣሁት በአንደኛ ማርሽ ነው፤ ሁለተኛውን ለማስገባት ድፍረት አጣሁ። እንጨት የጫነች አህያና ባለቤቷ ሰላም ብለውኝ አለፉኝ። ትንሽ እንደሄድኩ መንጃ ፈቃድ እንደሌለኝ ትዝ አለኝና ትራፊክ ፖሊስ እንዳያገኘኝ አስፋልቱን ትቼ በእርሻ መሀል ባለው የውስጥ መንገድ ገባሁ። ዶቅ... ዶቅ... ዶቅዶቅ...

ያኔ ነው ጉዱ የመጣው።

ከአንዱ ግቢ አንዲት ጊደር ወጣች። ከኋላዋ አንድ ሰውዬ ገመዷን ይዞ ይሮጣል። ከወዲያኛው ሁለት በሬ። ከቡናው ውስጥ ፍየሎች። ከየቤቱ ሰው እየወጣ፣ ከብቱን እየነዳ ወደ እኔ ይመጣል። ልሽሽ ብል ያለኝ አንደኛ ማርሽ ብቻ ነው። ልቁም ብል ፍሬኑ ከኮሚቴው አባላት መካከል በስብሰባ ላይ የማይገኘው ነው። እግሬን መሬት ላይ እየጎተትኩ ሄጄ አንድ ትልቅ ኮርማ ፊት ቆምኩ። ኮርማው አሸተተኝ። ባይወደኝም ታገሠኝ።

«አባ ሊልሞ! አባ ሊልሞ መጣ!» ይላሉ።

ሊልሞ መርፌ ነው። ባለ መርፌው ማለታቸው ነው። የአባዬን የዶቅዶቄ ድምፅ ሲሰሙ ለክትባት ከብት ማውጣት ለምደው፣ እሱ ጡረታ ከወጣ ከስንት ዓመት በኋላ ዛሬም ድምጿን ሰምተው ነው የወጡት። ሰዎቹስ ይሁኑ፤ በሬዎቹ ግን አስደነቁኝ። አንዱ አሮጌ በሬ ሳይጠራ መጥቶ ጎኑን ሰጥቶኝ ቆመ፤ ቶሎ ወግተኸኝ ልሂድ በሚል ዓይነት።

አንዲት አሮጊት ቀረብ ብለው አዩኝ። «ያ ኢልማኮ፣ ልጄ፣ እሱ አይደለህም» አሉ። «ግን ትመስለዋለህ። ወፍረህ ነው እንጂ።»

ልጁ እንደሆንኩ፣ እሱም እንደሞተ ነገርኳቸው። አሮጊቷ ለሌሎቹ ተረጎሙላቸው። ሞተሯን አጠፋሁ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ፤ ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያ እዚያው መንገድ ላይ፣ በከብት መሀል፣ ለቅሶ ተቀመጥን። «ረቢ፣ ፈጣሪ ያጽናህ» አሉኝ አንድ በአንድ። እርጎ መጣ፤ ጠጣሁ። አንዱ፣ አባዬ ጭቃ ውስጥ ገብታ የቀረችበትን ዶቅዶቄ በበሬ ያወጡለትን ቀን አወራ። ሌላው፣ ላሙን ካዳነለት በኋላ ጥጃዋን በአባዬ ስም መጥራቱን ነገረኝ። መከበር ይሁን መሰደብ ሳልለይ አመሰገንኩ።

መሄዴ ሲደርስ ግን ሰይጣን አፌን ከፈተው። «ለመሆኑ ይቺ ሞተር ስንት የምታወጣ ይመስላችኋል?» አልኩ።

ንብ አናቢ የሆነ አንድ ሽማግሌ ሳቀ። በአማርኛ ነው የመለሰልኝ። «መርፌው አለ?»

«የለም።»

«መርፌ ከሌለ ምን ልታደርግልን ነው? በሬዎቻችንን ልታታልል? ልጄ፣ ንቡ የሄደበት ቀፎ ማለት ናት። ንብ ከገባበት ዋጋ የለውም፤ ሰው አይሸጠውም። ካልገባበት ማገዶ ነው።»

ወደ ዲጋው ገዢ አልደረስኩም። ዶቅዶቄዋ አልነሳ ብላኝ፣ ክትባት ያልተወጉት በሬዎች ባለቤቶች እስከ አስፋልቱ ገፉልኝ። ከዚያም በአይሱዙ ተጭነን ተመለስን፤ እሷ ቆማ፣ እኔ ተኝቼ።

የመስቀል ማግስት ደረሰ። እማዬ መሀል ተቀመጠች። አስናቀች ከአኖ መጣች፤ ገመቹም ከጎኗ። ዋጋ ጠራሁ። ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም፤ ባለቤቴ ይህን ጽሑፍ ልታነበው ትችላለች። ብቻ ከፍ አደረግሁት። በጣም ከፍ። ንብ የገባበት ቀፎ ዋጋ አደረግሁት። እማዬ «እንዴ!» አለች። ገመቹ ወደ ዶቅዶቄዋ ዞሮ አየ፤ ምናልባት ሌላ ዶቅዶቄ ከኋላዋ ቆማ እንደሆነ።

«ታሪክ ናት» አልኩ ፈርጠም ብዬ።

አስናቀች ግማሹን በጣቶቿ አሰላች። «ጨርሰሃል ጋሽዬ?»

«ጨርሻለሁ።»

«እንግዲያስ... ገንዘቡን።»

አሸነፍኩ! ከሸንኮራው ዘመን ወዲህ የመጀመሪያው ድሌ ነው። ሥሩን ወሰድኩ። ለዚህም ነው ያን ምሽት ባለቤቴ ግማሹ ስንት እንደሆነ ስትሰማ ራት ሳታቀርብልኝ ብትቀርም ሆዴ ጠግቦ ያደረው።

ዶቅዶቄዋ ግቢዬ ገባች። መጀመሪያ ላይ በየእሑዱ እወለውላት ነበር። ከዚያ በየሁለት እሑዱ። ከዚያ ዶሮዋ የበሬ ቆዳው መቀመጫ ላይ እንቁላል መጣል ጀመረች። ባለቤቴ «ቢያንስ አንዱ ጥቅም ታወቀ» አለች። እኔ ግን በመስኮት ባየኋት ቁጥር የሽማግሌው ማገዶ ትዝ ይለኝ ጀመር። ለስለስ ያለ ብስጭት ነው፤ ጫማ ውስጥ እንደገባች ጠጠር። መንገድ አያስቀርም፣ መንገዱን ግን ይወስድብሃል።

የአስናቀችን ድርሻ የመጀመሪያ ክፍያ ይዤ፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቄ ወደ አኖ ወረድኩ። አስናቀች የለችም። ገመቹ እህል ቤቱ ደጃፍ ላይ ወንበር ሰጠኝ።

«ወንዙን ተሻግራ ሄዳለች። ልጆች ልትከትብ። ማታ ትመጣለች።»

«በእግሯ?»

«በምን ሌላ?» አለ ገመቹ። ከዚያ ሳያስበው፣ ስለ አየር ሁኔታ እንደሚያወራ ሰው ቀጠለ፦ «ሞተሯ ትደርሰኛለች ብላ ነበር እንጂ። መንጃ ፈቃድ እንኳ አውጥታ። አባታችሁ በሕይወት እያለ ነበር እኮ ያለማመዳት፤ እዚህ ሲመጣ በገበያ ሜዳ ይዞሩ ነበር።»

ወንበሩ ከሥሬ የጠፋ መሰለኝ።

«ታዲያ ለምን ሞተሯን አልመረጠችም?»

ገመቹ አየኝ። «ኦቦ፣ የጠራኸውን ዋጋ ረሳኸው?»

«እኔ'ኮ አንተ ትሸጣታለህ ብዬ ነው!»

«እኔ?» ሳቀ። «እኔ ሞተር እፈራለሁ። በቅሎ ነው የምወደው። በቅሎ ስትጥልህ ቢያንስ ቆማ ታይሃለች።»

አመሻሽ ላይ አስናቀች መጣች። እስከ ጉልበቷ ጭቃ ናት። ሳጥኑን ከትከሻዋ ስታወርድ ማንገቻው ያረፈበት ቦታ ልብሷ ሳስቶ ነጭ ሆኗል። «ጋሽዬ! ምነው ሳትነግረኝ? ምሳ በላህ?» አለችኝ። የያዝኩትን ገንዘብ አልሰጠኋትም። የያዝኩትም አልመሰለኝም። ዓይኔ ሳጥኑ ላይ ነበር። መርፌ ያለበት ሳጥን! ወደ ዲጋ ስሄድ በበሬ ተከብቤ የተጠየቅሁት መርፌ እዚህ ነበር፤ ቀፎውን የዶሮ ማደሪያ ያደረግሁት እኔ።

በሳምንቱ እሑድ እማዬ ቤት ሰበሰብኳቸው። ዶቅዶቄዋን ቶሌራ አስተካክሎ፣ የዶሮውንም ነገር አጥቦ አመጣልኝ። «ተሳስቻለሁ፤ አስናቀች ትውሰዳት» አልኩ።

«በደንቡ ከሆነ ግማሹን ልከፍል ነዋ» አለች አስናቀች። «ያንን ዋጋ ደግሞ ከየት አመጣለሁ?»

እንግዲህ ያን ቀን የሆነውን ጉድ በነቀምቴ ገበያ ማንም አይቶ አያውቅም። ሻጩ ዋጋ ይጥላል፣ ገዢዋ ትሰቅላለች።

«ብረት ናት!» አልኩ እኔ። «ብረትም አይደለች፤ ኮሚቴ ናት። ቶሌራን ጠይቂ!»

«ታሪክ ናት አላልክም?» አለች አስናቀች።

«የፊትና የኋላ ጎማዋ እንኳ አይተዋወቁም! በነፃ ብትወሰድ ወሳጁ ነው የተጎዳው!»

«ተው ጋሽዬ! የአባዬን ዕቃ አታርክስብኝ! ቢያንስ ግማሹን ያህል ታወጣለች።»

«ሩቡንም አታወጣ!»

«ታወጣለች!»

«በቃ!» አለች እማዬ። «ሁለታችሁም ያበዳችሁ እሱን ስትመስሉ ነው። እሱም ብቻውን ተጫርቶ ዋጋ የሚጨምር ሰው ነበር።» ለካ ሐሜቱ እውነት ኖሯል። ገመቹን ወደ ገበያ ላከችው። አንድ ሸንኮራ ይዞ ተመለሰ፤ ረጅም፣ ከላይ ቅጠሉ ያልተነቀለ። «ዋጋዋ ይቺ ናት» አለች። «አስናቀች ገዝታለች፤ ግማሹ ያንተ ነው። ቁረጥ።»

ቢላዋ ተሰጠኝ። ክር ፈለግሁ፤ ተገኘ። ለካሁ። አንድ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሆዴ እያስቸገረኝ ተንበርክኬ ልክ ከመሀሉ ቆረጥኩ።

አስናቀች ለአፍታም ሳታመነታ የሥሩን ወገን አነሳች።

ሳጥኗን ከኋላ፣ ሸንኮራዋን ከጎን አሰረች። ዶቅዶቄዋ በመጀመሪያው ርግጫ ተነሳች፤ ለእኔ እኮ በሰባተኛውም አትነሳም ነበር። ዶቅ... ዶቅ... ዶቅዶቅ... እማዬ ወንበሯን ትታ ብድግ አለች። ምን ልታደርግ እንደሆነ እሷም ያወቀች አልመሰለኝም፤ እግሯ በልማድ ወስዷት ሄዳ የግቢውን በር ወለል አድርጋ ከፈተችው። በዚህ ድምፅ ያ በር ሲከፈት የኖረው ለሚገባ ሰው ነው። ዛሬ ለምትወጣ ከፈተችው። አስናቀች በሁለተኛ ማርሽ ወጣች፤ በሦስተኛም ታጠፈች።

እማዬ ድምፁ እስኪጠፋ በሩን አልዘጋችም። እኔም ከጎኗ ቆሜ ጫፉን አኘክሁ። ውኃ ውኃ ይላል፤ ከአርባ ዓመት በፊት ያኘክሁት ያው ጫፍ ነው። ያን ቀን ግን አንጓው ላይ ስደርስ ትንሽ ጣፈጠኝ።